መኪናዬ አልነሳ አለች፤ ከየት ልጀምር?

"መኪናዬ አልነሳ አለች፤ ባትሪ ልግዛ?" ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ባህር ዳር ላይ ዝናቡ ሰኔ ውስጥ ሲጠነክርማ ይብሳል። እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቁልፉን ስታዞሩ ምን ሰማችሁ?

ሞተር የሚነሳው በቅደም ተከተል ነው። አንዱ ደረጃ ካልተሟላ ቀጣዩ አይመጣም። የት ላይ እንደቆመ ሳታውቁ ዕቃ መቀየር ከጀመራችሁ ባትሪ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ካንዴላ፣ ከዚያ የነዳጅ ፓምፕ፣ መጨረሻ ላይ ችግሩ የላላ ገመድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ ባጭሩ ላስረዳችሁ፣ ከዚያ ወደ ፍተሻው እንገባለን።

መመሪያው 12 ቮልት ባትሪ ላላቸው መኪኖች ነው፦ ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ አባዱላ፣ ፒክአፕ። የጭነት አይሱዙና አውቶቡስ ባብዛኛው 24 ቮልት ስለሆኑ የቮልት ቁጥሮቹን እዚያ ላይ አትጠቀሙ።

ቁልፉ ሲዞር ምን ይሆናል?

ቁልፉን ስታዞሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከኳድሮው (ቁልፉ ከሚገባበት ማብሪያ) ወደ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት ወደሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ይሄዳል። ይህ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተሪኖው ላይ ያለውን ማብሪያ ያበራል፤ ያን ጊዜ ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። የሞተሪኖው ትንሽ ጥርስ ወጥቶ የቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞረውን ከባድ ጥርሳም ክብ ብረት) ጥርስ ይይዝና ሞተሩን በደቂቃ 200 ዙር አካባቢ ያዞረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሞተሪኖ በዚያች ቅጽበት ከ100 እስከ 200 አምፔር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስባል። ሁለቱ የፊት መብራቶች ተደምረው የሚወስዱት ግን 10 አምፔር አካባቢ ነው። "መብራቱ ይበራል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው" የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ለዚህ ነው። የደከመ ባትሪ መብራት ያበራል፤ ሞተሪኖ ግን አያዞርም።

ሞተሩ መዞር ሲጀምር እያንዳንዱ ፒስተን (ሞተሩ ውስጥ የሚወጣና የሚወርደው ብረት) አራት ሥራ ይሠራል። ወደ ታች ሲወርድ አየርና ነዳጅ ይስባል። ወደ ላይ ሲወጣ የሳበውን ያምቃል። ከዚያ ካንዴላው እሳት ይረጫል፣ የተቃጠለው ጋዝ ይስፋፋና ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። በመጨረሻ ፒስተኑ ተመልሶ ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ኮሎው፣ ማለትም የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ፣ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ከአራቱ ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው። ሦስቱ ጉልበት ይበላሉ። ሞተር ራሱን በራሱ ማስነሳት የማይችለውም ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን መሳብና ማመቅ ሌላ ነገር ሊሠራለት ይገባል፣ ያም ሞተሪኖው ነው። አንዴ ከተነሳ በኋላ ከባዱ ቮላኖ ዙሩን ይዞ ያቆየዋል።

ናፍጣ ላይ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለም። አየሩ ብቻውን ገብቶ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ገደማ ይታመቃል፤ በዚህ ብቻ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። የብስክሌት ጎማ የነፋ የባህር ዳር ልጅ ሁሉ ፓምፑ ከታች በኩል እንደሚግል ያውቃል፤ ነገሩ ያው ነው። በዚያ የጋለ አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ በቂ ዙር፣ ነዳጅ፣ እሳት፣ አየር፣ ጥሩ ኮምፕሬሽን (እመቃ)። ፍተሻውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች

- ቮልት የሚለካ ቴስተር (ርካሹም ይበቃል)
- የብሎን መፍቻ 10 እና 12
- የካንዴላ መፍቻ (ብዙ መኪና ላይ 16 ወይም 21 ነው)
- የብረት ብሩሽ ወይም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት
- ቤኪንግ ሶዳና ሙቅ ውሃ
- ከሌላ መኪና ባትሪ የምትበደሩበት ወፍራም ገመድ
- ደረቅ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር
- ቁልፉን የሚያዞርላችሁ አንድ ሰው

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ አውቶማቲክ ከሆነች ፒ ላይ አድርጉ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ነጠላ፣ የአንገት ልብስ፣ የሚንጠለጠል ገመድ ያለው ሹራብ አውልቁ፤ ቺንጋው (ሞተሩ ላይ የሚዞረው ቀበቶ) ሲዞር ይጎትታል። ቀለበትና የብረት ሰዓትም አውልቁ። ባትሪ አጠገብ ሲጋራ የለም፣ ክብሪት የለም፤ ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ ይፈነዳል። በር የተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ደረጃ 1፦ አዳምጡ

ሬዲዮና ማራገቢያ አጥፉ። ሰውዬው ቁልፉን ያዙር፣ እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ አዳምጡ።

ምንም ድምፅ ከሌለና የዳሽቦርድ መብራትም ካልበራ፦ ባትሪው ፈጽሞ ሞቷል ወይም ተርሚናሉ (ባትሪው ላይ የሚታሰረው የገመዱ ጫፍ) ተላቋል። ደረጃ 2 እና 3።

የዳሽቦርድ መብራት በርቶ ሞተሪኖው ምንም ካላለ፦ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ወደ ኤን ወስዳችሁ ሞክሩ፤ አንዳንድ ማንዋል መኪኖች ደግሞ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይሞክሩም። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ መኪናዋ ቁልፉን አላወቀችውም፤ ሁለተኛውን ቁልፍ አምጡ።

"ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ" በፍጥነት፦ ኤሌክትሪኩ አልበቃም። ከባትሪው ወይም ከተርሚናሉ ነው። ደረጃ 2።

አንድ ጠንካራ "ጠቅ" ብቻ፦ ደረጃ 2 እና 3ን አጣሩ፤ ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሞተሪኖው ራሱ ነው።

ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ከዞረና ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ፦ ጥርሱ ቮላኖውን አልያዘም። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ደጋግማችሁ አትሞክሩ፣ የቮላኖውን ጥርስ ይበላዋል።

ሞተሩ በደንብ ይዞራል ግን አይነሳም፦ ባትሪውን ተዉት፣ በቀጥታ ወደ ደረጃ 5።

ይህ ደረጃ ገንዘብ አያስወጣም፤ ግን ሊሆኑ ከሚችሉት ምክንያቶች ግማሹን ያስወግድላችኋል።

ደረጃ 2፦ ባትሪውን ለኩ

ቴስተሩን ዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርጉ። ቀዩን በፖዘቲቭ (+)፣ ጥቁሩን በኔጋቲቭ (−)። መኪናዋ ለጥቂት ሰዓታት ከቆመች በኋላ ብትለኩ ይሻላል፤ አሁን ከመንገድ የገባች መኪና ባትሪ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ያሳያል።

12.6 እና በላይ፦ ሙሉ ነው። 12.4፦ ሦስት አራተኛ ገደማ። 12.2፦ ግማሽ አካባቢ። ከ12 በታች፦ ባዶ ነው፣ ቻርጅ ይፈልጋል።

አሁን ዋናው ልኬት። ሰውዬው ቁልፉን ለማስነሳት እያዞረ እናንተ ቴስተሩን ተመልከቱ። ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ባዶ ነው። 12.6 እያሳየ ሲዞር ወደ 7 የሚወድቅ ባትሪ ብዙ ነው፤ ዝም ብሎ ሲለካ ደህና ይመስላል፣ ጭነት ሲመጣ ይወድቃል። ቻርጅ ተደርጎም እንዲሁ ከወደቀ መቀየር አለበት።

ባትሪያችሁ ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ውሃውን እዩ። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የባህር ዳር ሙቀት ውሃው ቶሎ ይተናል። ውስጡ ያሉት ሳህኖች ከውሃው በላይ ከታዩ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ውስጡ ያለው ማዕድን ሳህኖቹን ይጎዳል፤ የሐይቅ ውሃማ ጭራሽ።

ደረጃ 3፦ ተርሚናሎቹን አጽዱ

ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ችግሩ እዚያ ሊሆን ይችላል። ያ ዱቄት ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ለመብራት የሚበቃ ያሳልፋል፣ ለሞተሪኖ ግን አይበቃም።

መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ከዚያ ፖዘቲቩን። ቅደም ተከተሉ ለምን? የመኪናዋ አካል በሙሉ ከኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው አካሉን ከነካ ያነደዋል፣ መፍቻውም ቀልጦ ሊጣበቅ ይችላል። ሶዳውን በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ዱቄቱ ላይ አፍስሱ፤ አረፋ ሲያወጣ ሥራውን እየሠራ ነው። ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ የተዘጉ ይሁኑ። በብሩሽ ፍተጉ፣ አድርቁ፣ ፖዘቲቩን ቀድማችሁ እሰሩ። በእጅ ስትነቀንቁት መንቀሳቀስ የለበትም።

ሰው የሚረሳው ማሳውን ነው፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወጥቶ ሞተሩና አካሉ ላይ የሚታሰረውን ገመድ ማለቴ ነው። ዝገት ካለው ፈትታችሁ አጽዱ።

ንክኪው ጥሩ መሆኑን በዓይን አትገምቱ፣ ለኩት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን እዚያው ላይ የታሰረው ተርሚናል ላይ አድርጉ። በመሀላቸው ያለው የአንድ ክር ያህል ርቀት ነው። ሰውዬው ሲያዞር ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ኤሌክትሪኩ እዚያች ቦታ ላይ እየባከነ ነው፤ እንደገና ፍቱና አጽዱ።

ደረጃ 4፦ ከሌላ መኪና ተበደሩ

የባትሪው ጉዳይ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በዚህ ቅደም ተከተል እሰሩ።

ሀ) ቀይ ገመድ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ።
ለ) የቀዩ ሌላ ጫፍ ከደህናው ባትሪ ፖዘቲቭ።
ሐ) ጥቁር ገመድ ከደህናው ባትሪ ኔጋቲቭ።
መ) የጥቁሩ ሌላ ጫፍ ከሞተችው መኪና ሞተር ላይ ቀለም ካልተቀባ ወፍራም ብረት፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ።

የመጨረሻው ከባትሪው የሚርቀው መጨረሻ ላይ የሚታሰር ገመድ ብልጭታ ስለሚያወጣ ነው። ያ ብልጭታ ባትሪው ላይ ካለው ጋዝ ጋር መገናኘት የለበትም። ደህናዋን መኪና አስነስታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ የእናንተን ሞክሩ። ስትፈቱ በተገላቢጦሽ፣ ከ"መ" ወደ "ሀ"። ሁለቱ መኪኖች እንዳይነካኩ።

ከተነሳች ወዲያው ባትሪውን ለኩ። ሞተሩ እየሠራ ከ13.7 እስከ 14.7 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። 12 ምናምን ላይ ቆሞ ቀስ እያለ ከወረደ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም ማለት ነው፤ ቺንጋው ላልቶ ወይም ተበጥሶ እንደሆነ እዩ። አዲስ ባትሪ ብትገዙም በዚህ ሁኔታ ነገ ያው ነው።

ከገበያ እስከ ቤት ያለች አጭር መንገድ ባዶ ባትሪ አትሞላም። ወደ መራዊ ወይም ሀሙሲት ደርሳችሁ ተመለሱ፣ ካልሆነ ቻርጅ ቤት አሳድሩት።

ገፍቶ ማስነሳት የሚሠራው ማንዋል ላይ ብቻ ነው። ቁልፉን ኦን አድርጉ (ካልሆነ መሪው ይቆለፋል)፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ፍጥነት ሲያገኝ ቶሎ ልቀቁ። ሁለተኛ ማርሽ የሚመረጠው አንደኛ ጎማውን ስለሚያንገጫግጨው ነው።

ደረጃ 5፦ ነዳጅ ይደርሳል?

ቁልፉን ሳታስነሱ ኦን ላይ ብቻ አድርጉት። ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጭ ዕቃ) ባላት የቤንዚን መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሰከንድ ያህል "ዝዝዝ" ይሰማል፤ ፓምፑ ነዳጁን ወደ ፊት እየገፋ ነው። ካልተሰማ የፓምፑን ፊውዝ አውጥታችሁ እዩ። አንዳንድ መኪና ላይ ግን ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሆነ ዝምታው ብቻውን ፍርድ አይደለም። ጌጁንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ከቆመች ትንሽ የቀረው ነዳጅ ፓምፑ ከሚስብበት ቦታ ሊርቅ ይችላል።

ነዳጁን በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ከመንገድ ከገዛችሁ ትንሽ ቀድታችሁ ብርጭቆ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡ። ውሃ ካለው ከታች ይተኛል፣ መለያው መስመር በግልጽ ይታያል። ውሃ አይቃጠልም፤ ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከታች ስለሆነ መጀመሪያ የሚደርሰው ውሃው ነው። ከነዳጅ ጋር ነጭ ጋዝ (ኬሮሲን) ከተቀላቀለ ግን በዚህ አይታይም።

ናፍጣ ከሆነች፣ ነዳጅ ጨርሳ ቆማ ከነበረ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። አየር ስለሚታመቅ ናፍጣው የሚረጭበትን ግፊት አያገኝም። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ጫኑት፣ ማስተንፈሻውን ብሎን ትንሽ ላላ አድርጉ፣ አረፋው አልቆ ንጹህ ናፍጣ ሲወጣ አጥብቁ። ከፖምፓው (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ከሚልከው ፓምፕ) ወደ ኢንጀክተር የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ሞተሩ እየዞረ አትንኩ፤ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል።

ደረጃ 6፦ እሳት ይሰጣል? (ለቤንዚን መኪና)

ጥቂት ጊዜ ካስሞከራችሁ በኋላ አንድ ካንዴላ ፍቱና ጫፉን እዩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን።

ርጥብ ከሆነና ቤንዚን ከሸተተ፦ ነዳጅ ደርሷል፣ እሳት የለም ወይም ነዳጁ በዝቷል። ደረቅ ከሆነ፦ ነዳጅ አልደረሰም፣ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ፦ ነዳጅ ይበዛል ወይም አየር ያንሳል። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ካንዴላው በደንብ ሲሠራ ኖሯል። ክፍተቱ ብዙ መኪና ላይ ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሰፋ እሳቱ ለመዝለል ይቸገራል።

ነዳጅ ከበዛበት የነዳጅ መርገጫውን እስከ ታች ረግጣችሁ ለ5 ሰከንድ ያህል አዙሩ። ኢንጀክተር ያላቸው ብዙ መኪኖች በዚህ ጊዜ ነዳጅ መርጨት ያቆማሉ፣ አየሩ ያደርቀዋል።

እንደ ዲኤክስ ባሉ የድሮ መኪኖች ላይ ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርጥበት ነው። የዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አውጥታችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ የካንዴላ ገመዶቹንም። ኤሌክትሪኩ በእርጥበቱ አድርጎ ወደ አካሉ ይሸሻል እንጂ ካንዴላው ጋ አይደርስም። ማታ ኮፈኑን ከፍታችሁ ስታስሞክሩ ገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ ያ ገመድ ተሰንጥቋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ካንዴላ ላይ የሚደርሰው ከ10,000 ቮልት በላይ ነው። ሞተሩ እየዞረ ገመድ በእጅ አትያዙ።

ደረጃ 7፦ አየርና ኮምፕሬሽን

የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። የባህር ዳር ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል በአምስት አንድ ያህል ያነሰ ነው፤ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከዚያው ጀምሮ ጉልበት ያጣል። በአቧራ የተደፈነ ፊልትሮ ሲጨመርበት የቤዛዊትን ዳገት ስትወጡ ይታወቃችኋል።

ነዳጅም እሳትም እያለ ሞተሩ ከወትሮው ቀሎ፣ ያለ ትግል በፍጥነት የሚዞር ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም ቫልቮቹን (የአየርና የጭስ በሮቹን) በሰዓታቸው የሚያስከፍተውና የሚያስዘጋው፣ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ቫልቮቹ በሰዓታቸው ካልተዘጉ አየሩ አይታመቅም፤ ብዙ ሞተር ላይ ደግሞ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል። ደጋግማችሁ ባዞራችሁ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል።

ውሃ ውስጥ ከጠፋች

ከከባድ ዝናብ በኋላ መንገድ ላይ በተኛ ውሃ ስታልፉ ሞተሩ ከጠፋ እባካችሁ ቁልፉን አታዙሩ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑ ውሃ ላይ ሲመጣ መሄጃ ስለሌለው ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ሞተር ማውረድ ነው። መኪናዋን ገፍታችሁ አውጡ፣ የአየር ፊልትሮውን ቤት ክፈቱ። ርጥብ ከሆነ ካንዴላዎቹ (ናፍጣ ላይ ኢንጀክተሮቹ) ተፈትተው ውሃው እስኪወጣ ድረስ መነሳት የለባትም።

ከተነሳች በኋላ

የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ገና ስትነሳ ነዳጅ አትርገጡ፤ ዘይቱ ከታች ተነስቶ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ሞተሪኖን ሳያቋርጡ ማዞር። ከ10 ሰከንድ አይለፍ፤ በየመሀሉ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ይቃጠላል።

ዲናሞ ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል። ቮልቱ በድንገት ይዘላል፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር ያቃጥላል። ቴስተር እያለ ይህ አያስፈልግም።

ባትሪ ውስጥ አሲድ መጨመር። የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው አለ።

በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ ሽቦ ማሰር ወይም ከፍ ያለ አምፔር መክተት። ፊውዙ የተቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው።

ሞተር በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት። የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ውሃውም ሶኬቶችና ካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተነሳች መካኒክ ጋ ስትደውሉ "አልነሳ አለች" ብቻ አትበሉ። ቁልፉ ሲዞር የሰማችሁትን ድምፅ፣ ዝም ብላ ስትለካና ስትዞር ያሳየችውን ቮልት፣ ካንዴላው ርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ከመቆሟ በፊት ምን እንደሆነ (ነዳጅ ተቀድቶ፣ ታጥባ፣ ውሃ ውስጥ አልፋ) ንገሩት። ምን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቀው በዚህ ነው።